ከአጥር ሥር የሚለቀም መኖ፦ ለጥንቸልና ለጊኒ ፒግ

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይገባል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

የዛሬዋ እንግዳችን ትንሽ ናት፤ ጆሮዋ ግን ትንሽ አይደለም። ጥንቸልን ይዘን ቀርበናል። ከእሷም ጋር ጆሮዋ አጠር፣ ድምጿ ቀጠን ያለችውን ጊኒ ፒግን እናነሳለን።

በአገራችን በብዙ ቤት ጥንቸል ለሥጋ አትረባም። በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት ተርታ ስለተጻፈች ብዙ ሰው ወደ ድስት አያስጠጋትም። ልጆች ግን አንዴ ካዩአት አይለቁም፤ ወላጅ ይለመናል፣ ይገዛል፣ በካርቶን ይዞ ይገባል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ ምን ትብላ? አብዛኞቻችን መልሱ ካሮት ይመስለናል፤ በካርቱን ፊልም ያየነው እሱን ነውና። የካሮት ሥር ግን ስኳር ይበዛበታል፤ አልፎ አልፎ ለጣዕም ከመቅመስ በቀር ምግብ አይሆናትም። የጥንቸል እንጀራ ሌላ ነው። ከግቢው በር ውጪ በነጻ በቅሎ፣ በእግራችን እየረገጥነው የምናልፈው ሣር ነው እንጀራዋ።

ምክንያቱን ከአፏ እንጀምር። የጥንቸልም የጊኒ ፒግም ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የጥንቸል የፊት ጥርስ በሳምንት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ይህን ጥርስ የሚሞርደው ለረጅም ሰዓት የሚታኘክ ሣር ነው። እህልና ፉርሽካ ብቻ የምትቀለብ ጥንቸል ቶሎ ትጠግባለች፤ ጥርሷ ግን ሥራ ይፈታል። እየዋለ እያደረ የመንጋጋ ጥርሷ ይሾልና ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል። መብላት ታቆማለች። ባለቤቷም «ትናንት ደህና አልነበረች፣ ምን ነካት?» ይላል።

ከአፍ ወደ ሆድ እንውረድ። ሁለቱም እንስሳት ሣሩን የሚያብላሉት ትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ባለ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው። ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። የተብላላው ነገር ለስላሳና እርስ በርሱ የተጣበቀ ኩስ ሆኖ ሲወጣ እንስሳዋ አጎንብሳ በቀጥታ ትበላዋለች። ልጆች ይህን ሲያዩ «ታማለች!» ብለው ይሮጣሉ። አልታመመችም። ፕሮቲንና ቫይታሚን የምታገኘው በዚህ መንገድ ነውና አትከልክሏት።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጥንቸልም ጊኒ ፒግም ማስታወክ አይችሉም። ውሻ ያልተስማማውን ይተፋል፤ እነዚህ ግን አንዴ የዋጡትን መመለሻ የላቸውም። ዛሬ ስለ መርዛማ ተክል ጠንከር ብዬ የምናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

መጠኑን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ በቀን ከሚበሉት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሣር ወይም የሣር ድርቆሽ ይሁን። ድርቆሹ ቀንም ሌሊትም ከፊታቸው አይጥፋ። ቅጠላ ቅጠሉ ለአንድ ኪሎ ክብደት አንድ ጭብጥ ያህል ይበቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከበር እንውጣ። ከሁሉ በፊት ሰርዶ። መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር የሚሰድ፣ ነቅለን የማንጨርሰው ሣር። ገበሬው ይረግመዋል፤ ጥንቸል ግን አትጠግበውም። ለሁለቱም እንስሳት ዓመቱን ሙሉ ልሰጥ የምችለው አንድ ነገር ምረጥልኝ ብትሉኝ መልሴ ሰርዶ ነው። በክረምት የእህል ማሳ ውስጥ ገብቶ የሚያስቸግረው ሙጃም በለጋነቱ ሲታጨድ መልካም መኖ ነው። ለከብት የሚተከሉት ደሾና የዝሆን ሣርም ይሆናሉ፤ የዝሆን ሣር ሲያረጅ ግንዱ ስለሚጠነክር ለጋውን ምረጡ። ከሣር ወገን የምትጠነቀቁት የማሽላ ቡቃያን ነው። ለጋ ማሽላ፣ በተለይ ዝናብ ጠፍቶበት የጠወለገና ከታጨደ በኋላ መልሶ ያቆጠቆጠ፣ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ይይዛል። ከብት ይገድላል፤ ጥንቸልማ ምን ትሆናለች?

ከሰርዶ ቀጥሎ ጎርጤብን እወድላችኋለሁ። ቅጠሉ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ግንድ ሳይኖረው ከመሬቱ ላይ ክብ ሠርቶ ይወጣል። ከቅጠሉ ሥር እስከ ጫፉ ጎን ለጎን የሚሄዱ ጎላ ያሉ ጅማቶች አሉት። አበባውን በቀጭን ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ይይዛል። እናቶቻችን ቅጠሉን አሽተው የሚደማ ቁስል ላይ የሚያደርጉት እሱ ነው። ሰው በሚመላለስበት መንገድ ዳር፣ በትምህርት ቤት ሜዳ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሣሩ መካከል ሞልቷል። ጅማቶቹን አንዴ ለልጆቻችሁ ካሳያችኋቸው አይረሱትም።

ማገጥንም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በመስከረምና በጥቅምት የደጋውን ሜዳ የሚያለብሰው ባለ ሦስት ቅጠሉ። ኢትዮጵያ በማገጥ ዝርያዎች ብዛት የታወቀች ናት፤ ሌላ አገር የማይበቅሉም አሏት። ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ነው፤ ችግሩም ከዚያው ይመጣል። ብቻውን ሆድ ሙሉ ከተበላ ሆድ ይነፋል። ስለዚህ ከሣር ጋር ቀላቅሉት፤ ጠል የያዘውን አትስጡ።

ሰማያዊ ትንሽ አበባ የሚያወጣው፣ ግንዱ ውሃ ያዘለው የውሃ አንቁርም ይበላል፤ ውሃው ስለሚበዛ በጥቂቱ ነው። ፍሬው ጥቁር መርፌ መስሎ ልብስ ላይ የሚሰካውን ጭጎጎትም በምሥራቅ አፍሪካ ጥንቸል አርቢዎች አዘውትረው ያጭዱታል። ፍሬ ሳያፈራ በለጋነቱ ቁረጡት። አሉማም ይሰጣል፤ ነገር ግን ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት በየቀኑ አይሁን። ጊኒ ፒግ በተለይ የሽንት ፊኛዋ ጠጠር ይቋጥርባታል።

ሳማን ስጠራ ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። የሚለበልበውን ሳማ ለጥንቸል? አዎ፣ ግን ደርቆ። በጓንት አጭዳችሁ ጥላ ውስጥ ዘርጉት፤ ሲደርቅ መለብለቡን ይተዋል። ይህን ሳማ በደጋው አገር ሰው ራሱ ቀቅሎ ይበላዋል። በበጋ አረንጓዴ ሲጠፋ የደረቀ ሳማ ከድርቆሹ ጋር መቀላቀል ያዋጣል።

ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ሰርዶንና ጎርጤብን ብቻ ያዙ። ሁለቱን አጥርቶ የሚያውቅ ልጅ ሃያ ተክል በግምት ከሚለቅም ትልቅ ሰው ይሻላል። የዛሬው ምክሬ ከዚህ አይበልጥም፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሰዎች ሲጠይቁኝ «መርዛማዎቹን ዘርዝርልን» ይላሉ። ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም፤ ብታጠኑትም ያልተጻፈው አንዱ ያስቸግራችኋል። የሚሻለው የማታውቁትን አለመልቀም ነው። ቢሆንም በየሰፈራችን የሚገኙትን በስም ሳልጠራ አላልፍም።

አስተናግር አንዱ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ አጤ ፋሪስ ይሉታል። ነጭ ጥሩምባ የመሰለ አበባ፣ እሾህ የለበሰ ክብ ፍሬ፤ ቆሻሻ በሚጣልበትና በበረት ዙሪያ ይወዳል። በግቢ አጥር ላይ ትልልቅ አበባውን ቁልቁል የሚያንጠለጥለው የጌጥ ተክልም የቅርብ ዘመዱ ነው፤ መርዙም ያው ነው። ስለዚህ ቤተሰብ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። አንዳንድ ጥንቸሎች አትሮፒን የተባለውን መርዝ የሚሰባብር ኢንዛይም በተፈጥሯቸው አላቸው፤ ሌሎቹ የላቸውም። ስለዚህ የጎረቤት ጥንቸል በልታው ምንም ካልሆነች የእናንተዋም ምንም አትሆንም ማለት አይደለም። «ጥንቸል የበላችው ለሰውም ይሆናል» የሚለውም ፍጹም ስሕተት ነው። «እንስሳ የሚጎዳውን ራሱ ያውቃል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁም አትመኑት። ዱር ያደገች ጥንቸል መርጣ መብላትን ትለምዳለች፤ በሳጥን ያደገችው ግን የቀረበላትን ትበላለች።

ጉሎ፣ በተለይ ፍሬው፣ ገዳይ ነው። በአጥር ላይ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ሮዝ አበባ ቀላቅሎ የሚያብበው የወፍ ቆሎ ጉበት ይጎዳል። እምቧይ፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ የአቮካዶ ቅጠል፣ ማንኛውም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይሰጥም። የሽኮኮ ጎመን የሚባለው ትልቅ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ደግሞ ስሙ አያታልላችሁ፤ ቀስ እያለ ጉበት የሚያበላሽ ንጥረ ነገር እንዳለበት በላቦራቶሪ ተረጋግጧል። ጫት የሚቅሙ ወገኖቻችንም ገረባውን ፍየል ስለበላችው ብቻ ለጥንቸል አይወርውሩላት።

እንዶድም ከእነዚሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዝያን በእንዶድ ለመከላከል ወደ ምርምር የገቡት። ቀንድ አውጣ የሚጨርስ አረፋ የጥንቸልንም አንጀት አይምርም።

ሲቆረጡ ነጭ ወተት ስለሚያፈስሱ ተክሎች ጥያቄ ይበዛል። ቅንጭብና ቁልቋል ወተታቸው ያቃጥላል፤ ዓይን ያሳውራል፤ በፍጹም አይነኩም። በሌላ በኩል ወተት እያላቸው ለጥንቸል የሚስማሙ ቅጠሎችም አሉ፤ አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ዳንዴሊየንን ታውቁታላችሁ። ለጀማሪ ግን የኔ ፍርድ ቁርጥ ያለ ነው፦ ለይታችሁ እስክታውቁ ድረስ ወተት ያለውን በሙሉ ተዉት።

ተክሉን ማወቅ ግማሹ ነው፤ የበቀለበት ቦታም እኩል ይመዘናል። ጎርጤቡ ትክክለኛው ጎርጤብ ሆኖ የበቀለው በአውራ ጎዳና ዳር ከሆነ ጭሱንና ጥላሸቱን ይዟል። አዲስ አበባ ያላችሁ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ያለው ሣር ለምለም መሆኑ አያጓጓችሁ፤ ውሃው የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ነው። ገጠር ያላችሁ ደግሞ ከስንዴና ከጤፍ ማሳ አረም ከማጨዳችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ቱ ፎር ዲ ወይም ሌላ ፀረ አረም ተረጭቶ ከሆነ ይቅርባችሁ። አረሙ ከተረጨ በኋላ ለጥቂት ቀናት አረንጓዴ እንደሆነ ስለሚቆይ በዓይን አይለይም።

ውሻ የሚጸዳዳበትን ሣርም ተዉት። የውሻ ኮሶ ትል እንቁላሉ ከሣሩ ጋር ወደ ጥንቸል ይገባና ጉበቷና ሆዷ ውስጥ ውሃ የቋጠረ እጭ ይሆናል። ረግረግ ላይ የሚበቅለው ሣርም በጎቻችንን የሚጨርሰውን የጉበት ትል ያስተላልፋል፤ ጥንቸልም ትያዛለች። በዓል ሲያልፍ ከወለል ላይ የተጠረገውን ቄጠማ ለጥንቸል መስጠት የለመዳችሁ ካላችሁ ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ ነው የምትሰጧት፦ ከረግረግ የመጣ ነው፣ በጫማም ተረግጧል።

አጫጨዱ ቀላል ነው። ጠሉ ከረገፈ በኋላ እጨዱ፤ በቅርጫት ወይም በጆንያ ያዙት። ፌስታል ውስጥ ታምቆ የቆየ ሣር ይሞቃል፣ ይቦካል፤ የቦካ ሣር ደግሞ ሆድ ነፍቶ ይገድላል። በማጨጃ ማሽን የተከረከመውም እንደዚሁ ነው። የታጨደው በዚያው ቀን ይበላ፤ ያደረውን ጣሉት።

አዲስ ተክል ስታስጀምሩ አንዱን ብቻ፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ስጡና እስከ ማግሥቱ ጠብቁ። ኩሱ ከረጋ፣ የምግብ ፍላጎቷ ካልተጓደለ፣ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ብዙ ጥንቸል የሚሞተው መርዝ በልቶ ሳይሆን በሰኔ ነው። በጋውን ሙሉ በድርቆሽና በጤፍ ጭድ የከረመች እንስሳ ዝናቡ ሲጥል በአንድ ቀን እቅፍ ሙሉ ለጋ ሣር ይቀርብላታል። ያን ጊዜ አንጀቷ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ይምታታባቸዋል፤ ተቅማጥ ይከተላል። ድርቆሹን ሳታቋርጡ ለጋውን በጭብጥ አስጀምሯት። ለበጋው የሚሆነውን ድርቆሽ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሣሩ ማበብ ሲጀምር አጭዳችሁ አየር በሚያገኘው ጥላ አድርቁ። ሻጋታ የያዘውን ምንም ቢያሳሳችሁ አትስጡ።

(አጭር ሙዚቃ)

ጊኒ ፒግ ከጥንቸል የምትለይበትን አንድ ትልቅ ነገር እስካሁን አቆይቼዋለሁ። ጥንቸል ቫይታሚን ሲን ሰውነቷ ውስጥ ትሠራለች፤ ጊኒ ፒግ ግን እንደ እኛው ሰዎች ከምግብ ካላገኘች አታገኝም። በ1907 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሁለት የኖርዌይ ሐኪሞች፣ አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ፣ ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ ሲቀልቧቸው የመርከበኞች በሽታ የነበረው ስከርቪ እንደያዛቸው አዩ። ትኩስ ጎመን ሲጨመርላቸው በሽታው ይቀር ነበር። ቫይታሚን ሲ ወደተገኘበት መንገድ በር ከከፈቱት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ስለዚህ በበጋ ለጥንቸሏ ድርቆሽና ውሃ ሰጥታችሁ ጥቂት ጊዜ ብትቆዩ ትኖራለች፤ ጊኒ ፒግ ግን ትኩስ አረንጓዴ ነገር በየቀኑ ያስፈልጋታል። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ቢያንስ 10 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ፣ እርጉዝ ስትሆን 30 ሚሊ ግራም ያህል ትፈልጋለች። ሜዳው ሲደርቅ የማያቃጥል ፈረንጅ ቃሪያ፣ ጥቂት የሐበሻ ጎመን፣ ገበያ ላይ ተቆርጦ የሚጣለው የካሮት ቅጠል ክፍተቱን ይሞላሉ። ፀጉሯ ከተንጨባረረ፣ መራመድ ከጠላች፣ ስትነካ ከጮኸችና ጉልበቷ ካበጠ ቫይታሚኑን ጠርጥሩ።

በውጭ አገር የምትከታተሉን አድማጮችም አላችሁ። በአሜሪካ ልጆቻችሁ ጊኒ ፒግ አምጡልን ካሏችሁ ዳንዴሊየን ደጃፋችሁ ላይ አለ። ነገር ግን በየቤቱ ፊት ያለው ሣር ብዙ ጊዜ በኬሚካል የሚጠበቅ ነው፤ ተረጭቶ እንደሆነ የሚያመለክት ትንሽ ባንዲራ ከተሰካበት አትጠጉ፤ ባይሰካም ጠይቁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ በምዕራቡ የአሜሪካ ክፍል የዱር ጥንቸሎችን የጨረሰ የደም መፍሰስ በሽታ ቫይረስ ገብቷል። በአውሮፓም አለ። የዱር ጥንቸል ከሚግጥበት ሜዳ ሣር አታምጡ፤ ክትባቱንም ሐኪማችሁን ጠይቁ። በእስራኤል ያላችሁ በክረምቱ ዝናብ የሚበቅለው ኹቤዛ ለጥንቸል ይስማማል፤ በየመንገዱ አካፋይ ላይ በሮዝና በነጭ የሚያብበው ሃርዱፍ ግን ልብ የሚያቆም መርዝ ነውና ቅጠሉ ከምታጭዱት ጋር እንዳይቀላቀል።

ሰዓታችን እየገፋ ነው፤ ከመሰናበቴ በፊት አንድ አደራ አለኝ። ጥንቸል ወይም ጊኒ ፒግ መብላት ካቆመች፣ ኩስ መጣል ከተወች፣ አንድ ጥግ ተኮራምታ ጥርሷን ካፋጨች ሆዷ ቆሟል ማለት ነው። ቤት የተረፈ የሰው አሞክሲሲሊን እንዳትሰጧት፤ ይህ መድኃኒት አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ጨርሶ ራሷን ይገድላታል። የበላችው ነገር ካለ ቅጠሉን ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ለ12 ሰዓት ምንም ያልበላች ጥንቸል አደጋ ላይ ናትና «ነገ እናያለን» ብላችሁ አታሳድሯት።

(የመለያ ሙዚቃ)